የሕዝብ አስተዳደር ትምህርትና የ302 ቀኑ መንገድ

መንግሥት ሕዝብን ለማስተዳደር አስቀድሞ ሕዝቡን ማወቅ ይኖርበታል። ሕዝቡ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያርስ፣ ለማን እንደሚገብር፣ በየትኛው ወር ጎተራው እንደሚጎድልና በየትኛው ወር እንደሚሞላ ያላወቀ አስተዳደር፣ ሕጉ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ በዳበሳ ከመሄድ አያመልጥም። ይህን ዕውቀት የሚሰበስቡ፣ ሰብስበው የሚያደራጁና ለወሳኙ ክፍል የሚያቀርቡ ሰዎችን ለማሠልጠን የቆሙት ትምህርት ቤቶች በጥቅል የሕዝብ አስተዳደርና የመንግሥት ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ይባላሉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ እንዲህ ያሉ ተቋሞች በየአገሩ ተስፋፉ። በፈረንሳይ ብሔራዊው የአስተዳደር ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም፣ ነፃነታቸውን ያገኙት የእስያ አገሮችም ወዲያው ተከተሉ።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ዘግይታ የጀመረች አገር አልነበረችም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቴክኒክ እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ የሕንዱ ተመሳሳይ ኢንስቲትዩት የተመሠረተው ከዚያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነበር። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ትምህርት ቤቱ መቼ ተከፈተ የሚለው አይደለም። ትምህርት ቤቱ ያወቀው ነገር ለማን ደረሰ? የደረሰውስ ምን አደረገበት? የሚለው ነው። የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ በዚህ ጥያቄ ሲመረመር፣ ምርምሩ፣ የተማሪው ኑሮና ለሕዝብ የተሰጠው አገልግሎት የአንድ ገመድ ሦስት ፈትሎች እንደ ነበሩ ይታያል። ገመዱ በተበጠሰ ጊዜም ብዙውን ጊዜ የተበጠሰው በላኪው እጅ ሳይሆን በተቀባዩ ዘንድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ኃላፊነቱን የተረከቡት ቀደም ሲል የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የፋሺስት ወረራ ከጦርነቱ በፊት የተማረውን ጥቂት ወጣት ክፉኛ ስለ ፈጀው፣ ከነፃነት በኋላ የተደራጁት ሚኒስቴሮች የሠለጠነ ሰው አጥተው በብርቱ ይቸገሩ ነበር። ስለ ሆነም ኮሌጁ የመጀመሪያዎቹን ተመራቂዎች በ1946 ዓ.ም. ሲያወጣ፣ የወጣቶቹ ዕጣ ገና ከመነሻው የታወቀ ነበር፤ ከመማሪያው ወንበር ተነሥተው በቀጥታ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ይተላለፉ ነበር።

በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ግን ከወንበር ያለፈ አሳብ የያዘ አንድ አነስተኛ ማኅበር ነበረ። ይኸውም የዩኒቨርስቲ ኮሌጁ የባሕልና የሕዝቦች ጥናት ማኅበር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት የራሱን መጽሔት ያሳትም ነበር። ተማሪዎች በየትውልድ አገራቸው ያለውን የጋብቻ ሥርዓት፣ የልቅሶውን ልማድ፣ የእርሻውንና የዕደ ጥበቡን አሠራር እየጠየቁና እየመዘገቡ በመጽሔቱ ላይ ያወጡ ነበር። ጸሐፊዎቹ ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ወጣቶች ቢሆኑም፣ የጻፉትን ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዋጋ ሰጥተው ሰብስበው እንደገና እስከ ማሳተም ደርሰዋል። ተማሪው ከመጽሐፍ ያልተማረውን ከአባቱ አገር ሲማር፣ ምርምርና የተማሪ ኑሮ ያኔውኑ ተገናኝተው ነበር ማለት ይቻላል።

በሌላው ወገን የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በሥራ ላይ ያሉትን የመንግሥት ሠራተኞች ያሠለጥን ነበር። የጽሕፈት ቤት አሠራር፣ የመዝገብ አያያዝ፣ የበጀት አዘገጃጀትና የሠራተኛ አስተዳደር የትምህርቱ ዋና ዋና ክፍሎች ነበሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አቋምና ተግባር የሚዘረዝር መጽሐፍም አሳትሟል። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር፣ ደረጃና እድገት በማዕከል የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ሲቋቋም፣ ኢንስቲትዩቱ ሲያስተምር የቆየው ሥርዓት ሕጋዊ መልክ አገኘ። ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሹመት በዝምድናና በደጅ ጥናት ይገኝ በነበረበት አገር፣ ፈተናና የደረጃ ሰንጠረዥ ማቆም ራሱ ትልቅ የአስተዳደር ለውጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ጥረቶች የተያዩት በሩቁ ነበር። ኢንስቲትዩቱ የመሥሪያ ቤቱን ውስጥ፣ የተማሪው ማኅበር የገጠሩን መንደር ይመለከት ነበር። መንደሩ የሚያውቀው ነገር ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚገባበት በር ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

ተማሪው በግቢና በአደባባይ

እ.ኤ.አ. በ1958 ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ ከተሰበሰቡ ወዲህ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የትምህርት ዕድል ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች ወደ ኮሌጁ ገቡ። የመጡትም የፖለቲካ ፓርቲ፣ የሠራተኛ ማኅበርና የነፃነት ትግል ከሚታወቅበት አካባቢ ስለ ነበር፣ በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ የሚደረገው ጨዋታ መልኩን ለወጠ። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ጥንታዊ ነፃነቱን ሲያወሳ፣ እንግዳው ባልንጀራው ስለ ገበሬው ኑሮ፣ ስለ መሬቱና ስለ ምርጫው ይጠይቀው ነበር። ጥያቄው መልስ ስላልነበረው፣ ተማሪው መልሱን ይፈልግ ጀመር።

ይህ ፍለጋ በመጀመሪያ የታየው በግጥም ነው። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች የግጥም ውድድር ያደርጉ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ ያነበበው «ደሀው ይናገራል» የተሰኘው ግጥም የድኻውን ድምፅ በባለ ሥልጣኖች ፊት በማሰማቱ ለዘመኑ ምልክት ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ፤ በዓመቱ ግን፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ በስድስት ኪሎ ተመረቀ።

የተማሪው ጥያቄ ከግጥም ወደ አደባባይ የተሸጋገረው በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው። ፓርላማው ስለ ጭሰኞች ጉዳይ በሚነጋገርበት ጊዜ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ደጃፍ ሄዱ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማው ጎዳና የተለቀሙ ድኾች በሾላ ታጉረው የሚገኙበት ሁኔታ ተማሪዎችን አስቆጣ፤ ድኻ መሆን ወንጀል ነውን? ብለው ሰልፍ ወጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ የመሬት ፖሊሲን፣ ሁለተኛው የማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲን የሚመለከት ነበር። ዛሬ በማንኛውም የፖሊሲ ትምህርት ቤት በየመልኩ የሚጠኑት ሁለቱ ትልልቅ ርእሶች፣ ያን ጊዜ በመማሪያ ክፍል ሳይሆን በመንገድ ላይ ተነሡ።

መንግሥት ለመሬቱ ጥያቄ የሰጠው መልስ በራሱ ትምህርት ሰጭ ነው። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሚኒስቴሩም በየጠቅላይ ግዛቱ ባለሙያ እየላከ የይዞታውን ዓይነት፣ የጭሰኛውን ብዛትና የባለ ርስቱን ሁኔታ በአኃዝ አስጠና፤ ጥናቶቹም ተራ በተራ ታትመው ወጡ። የጭሰኞችን መብት ለመወሰን የተዘጋጀው የሕግ ረቂቅ ግን በፓርላማው ከዓመት ዓመት ሲጓተት፣ ሥርዓቱ እስከ ተለወጠ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። ጥናቱ ተሠርቶ ነበር፤ ወሳኞቹ ግን ጥናቱ የሚመለከታቸው ባለ ርስቶች ነበሩ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንዲሉ።

የአንድ ዓመቱ አገልግሎት

ከሁሉ ይልቅ ሦስቱን ፈትሎች በአንድነት የገመደው ሥራ የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ይባል የነበረው ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የዩኒቨርስቲው ፕሬዚዳንት ካሣ ወልደ ማርያም በኃላፊነት ላይ በነበሩበት ዘመን፣ በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የተጀመረው ይህ ደንብ፣ ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከግቢው ወጥቶ አገሩን እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቱን ሲፈጽም ወደ ጠቅላይ ግዛት ይላካል፤ ዓመቱን ጨርሶ ሲመለስ የመጨረሻውን ዓመት ይማራል። በዚያን ጊዜ የተማሪን አገልግሎት የዲግሪ ግዴታ አድርጎ የደነገገ ዩኒቨርስቲ በዓለምም ጥቂት በመሆኑ፣ ደንቡ የውጭ አገር ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቦ ነበር። በዩኒቨርስቲው ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን የአገልግሎቱን የመጀመሪያ ውጤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1966 በንጽጽራዊ የትምህርት ጥናት መጽሔት ላይ አውጥተዋል።

ከተላኩት የሚበዙት በየአውራጃው ከተማ መምህራን ሆኑ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጊዜው ሲከፈቱ ለማስተማር ብቃት ያለው ኢትዮጵያዊ ስለማይገኝ፣ የዩኒቨርስቲው ተማሪ መምጣት ለትምህርት ሚኒስቴርም ትልቅ እፎይታ ነበር። ለተማሪው ግን ነገሩ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ ወገን የምረቃው ቀን በአንድ ዓመት ይዘገያል፤ ከአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት፣ ከጓደኞቹና ከክርክሩ ይለያል። በሌላው ወገን በጥናቱ ውስጥ «ገበሬው» ተብሎ በአንድ ቃል የሚጠራው ሕዝብ፣ ስምና መልክ ያለው ጎረቤት ሆኖ ይገናኘዋል። የቤት ኪራይ የሚከፍላት እመቤት፣ ልጁን ለማስመዝገብ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣው አባት፣ በመኸር ጊዜ ከክፍል የሚጠፋው ተማሪ፣ በወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ ቀጠሮ የሚጠብቀው ባለ ጉዳይ፣ ሁሉም በየቀኑ ያስተምሩት ነበር። አስተማሪ ሆኖ የሄደው ራሱ ይማር ነበር ማለት ነው።

ከአገልግሎት የተመለሰ ተማሪ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ የሚያነሣው ጥያቄ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ስለ ግብር አሰባሰብ የተጻፈውን ድንጋጌ ሲያነብ ግብሩ በተግባር እንዴት እንደሚሰበሰብ ያየ ሰው ሆኖ ያነበዋል። በዚያን ዘመን በልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች በመመረቂያ ዓመት የሚጻፉት ጥናቶች ስለ አውራጃና ስለ ከተማ ታሪክ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ይዞታና ስለ አስተዳደር ብዙ መረጃ ሰብስበዋል። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት እነዚህ ጽሑፎች ዛሬም የአካባቢ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሚፈልጋቸው ናቸው።

አገልግሎቱ ሌላም ውጤት ነበረው። በጠቅላይ ግዛት የተሠማሩት ወጣቶች የዩኒቨርስቲውን ክርክር ይዘውት ስለ ሄዱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከነርሱ የፖለቲካ ጥያቄን ተማሩ። ከ1960ዎቹ መግቢያ ጀምሮ የተማሪው እንቅስቃሴ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየአውራጃው ከተማ ሊስፋፋ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በመንግሥትና በዩኒቨርስቲው መካከል የነበረው ጥቂት መተማመንም ፈረሰ። ገጠሩን አይቶ የመጣው ወጣት የሚናገረውን ሁሉ መንግሥት እንደ አመፅ ቃል መስማት ጀመረ። ይህም ለኋላው ጥፋት አንዱ በር ሆነ።

ሦስት መቶ ሁለት ቀን

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃል ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሽቦ ይሄድ የነበረው መልእክት በአየር መተላለፍ ሲጀምር፣ ሕዝቡ መሣሪያውን «የነፋስ ስልክ» ብሎ ጠራው፤ ሠፈሩም በዚሁ ታወቀ። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ለስሙ ውበት ሲባል አይደለም። ቀጥሎ የሚነገረው ነገር በተፈጸመበት ጊዜ መንግሥት ቴሌግራፍም፣ ስልክም፣ ሬዲዮም እንደ ነበረው ለማመልከት ነው።

በ1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት በወረ ኢሉ ረኃብ ገባ። የአካባቢው ፖሊስ ሁኔታውን ዐውቆ ያቀረበው ሪፖርት በኅዳር ወር ገደማ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ሪፖርቱ ከዚያ ተነሥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ እስኪደርስ ሌላ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩ አስፈላጊውን እንዲያደርግ አዘዙ፤ ሚኒስቴሩም ያደረገው ነገር ቢኖር የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲላክለት ወሎን መጠየቅ ነበር።

ይህን ታሪክ ከመዝገብ አውጥተው ለንባብ ያበቁት በዩኒቨርስቲው የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ገጠር ለረኃብ ስለ ተጋለጠበት ሁኔታ በሚተርክ መጽሐፋቸው፣ ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የነበሩትን ሃያ ዓመታት በየአውራጃው መርምረዋል። የደረሱበትም መደምደሚያ ረኃብ የድርቅ ልጅ ብቻ አለመሆኑ ነው። ገበሬው ከዓመት ዓመት የሚተርፈው እህል እንዳይኖረው የሚያደርገው የአመራረት ሥርዓት፣ ያፈራውንም የሚወስድበት ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኃይል ባይኖር፣ አንድ የዝናብ መዛባት ሕዝብን እስከ መፍጀት አይደርስም።

ስለ አስተዳደር ለሚያስብ ሰው የወረ ኢሉው መዝገብ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። ፖሊሱ ሥራውን ሠርቷል፤ ያየውን ጽፏል። መልእክቱም ተልኳል። የጠፋ ወረቀት አልነበረም። ወረቀቱ ግን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ፣ በየጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሹም ክፉ ወሬ ወደ ላይ ማቅረብ ለራሱ የሚያመጣበትን መዘዝ እንጂ ወረቀቱ ሳይቀርብ ሲዘገይ በሕዝቡ ላይ የሚደርሰውን አላሰበም። በኢንስቲትዩቱ የተማረው የመዝገብ አያያዝ በደንብ ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ የተያዘለት ሕዝብ ግን አልቋል።

የ1965 ዓ.ም. ፈተና

ሰባት ዓመት ሳይቆይ ያው ነገር በብዙ እጥፍ ተደገመ። በ1965 ዓ.ም. መግቢያ የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ጥናት በሰሜኑ ክፍል ከባድ የእህል እጥረት እንደሚመጣ ቢያመለክትም፣ ጥናቱ ለሕዝብ ሳይገለጥ ተያዘ። ረኃብተኛው ከወሎ ገጠር ወደ ዋናው አውራ ጎዳና ወርዶ መንገደኛን መለመን ጀመረ። በዚያው የትምህርት ዘመን የዩኒቨርስቲው መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በስድስት ኪሎ ግቢ ለተመልካች ቀረቡ። ተማሪዎች እርዳታ አሰባሰቡ፤ መንግሥት ረኃቡን እንዲያምን ለማስገደድም ሰልፍ ወጡ። መንግሥት ግን የተነገረውን የተማሪ ወሬ አድርጎ ናቀው።

ዓለም ጉዳዩን የሰማው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አልቆ ነበር። ይኸው ፊልም ከግብር አዳራሽ ሥዕሎች ጋር ተቀነባብሮ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ሊባል ይችል የነበረው ጉዳይ ዙፋን አቃጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የሕንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ድኽነትና ረኃብ በጻፈው መጽሐፍ የወሎን ጉዳይ ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ ወሰደው። በ1973 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው ምግብ ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የተጫነ እህል እንደ ነበረ አመለከተ። የወሎ ገበሬ የተራበው እህል በአገር ስለ ጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም ስለ ጠፋ ነው ማለት ነው። የትንታኔው መሠረት የሆኑት አኃዞች በዚያው ዘመን የተመዘገቡ ናቸው። አኃዙ ነበረ፤ አኃዙን አንብቦ ፈጥኖ የሚወስን አካል ግን አልነበረም።

ዘመቻና ከዚያ በኋላ

አዲሱ መንግሥት የተማሪውን ኃይል በሌላ መልክ አሠማራ። በታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል የዩኒቨርስቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰለፈ። ዘማቾቹ ገጠር በደረሱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታወጀ። ከአሥር ዓመት በፊት በፓርላማ ደጃፍ የተጠየቀውን ጥያቄ የመለሰውን አዋጅ ለገበሬው ያስረዱትና የገበሬ ማኅበር ያደራጁት ራሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። በታሪክ እንዲህ ያለ ዕድል ለተማሪ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው።

ዘመቻው ከቀድሞው አገልግሎት የሚለይበት ዋና ነገር ግን መታየት ይኖርበታል። በአገልግሎቱ ተማሪው ለብቻው ሄዶ፣ ከሕዝቡ ጋር ኖሮ፣ ተምሮ ይመለስ ነበር። በዘመቻው የሄደው በሠራዊት መልክ ተደራጅቶ፣ የተዘጋጀ መመሪያ ይዞ ነበር። መልእክቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘማቹ ከታች ያየውን ወደ ላይ ሲናገር ግን ተቃዋሚ ተባለ። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ዘመቻውን ጥለው ተመለሱ፤ ከባለ ርስቶችና ከፖሊስ ጋር በተነሣ ግጭት የሞቱም አሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው ቀይ ሽብር ደግሞ ገጠሩን በእግሩ ካወቀው ትውልድ እጅግ ብዙው አለቀ። አገሪቱ ያጣችው ወጣቶችን ብቻ አልነበረም፤ ወጣቶቹ ስለ ሕዝቡ የሰበሰቡትን ዕውቀትም አጥታለች።

ከ1965ቱ ረኃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ አደጋን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ የመረጃ ክፍል አደራጅቶ ነበር። ይህ ክፍል የሰብሉን፣ የዝናቡንና የገበያውን ሁኔታ ይከታተላል። ኮሚሽኑም በ1976 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከባድ ረኃብ እየመጣ መሆኑን ለእርዳታ ሰጭዎች አስታወቀ። ሆኖም በአገር ውስጥ የመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ዝግጅት፣ በውጭም የእርዳታ ሰጭዎቹ ጥርጣሬ ማስጠንቀቂያውን ሸፈነው። ዓለም የነቃው እንደገና በቴሌቪዥን፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ ላኪው የሠለጠነ፣ መልእክቱም በቁጥር የተደገፈ ነበር፤ የጎደለው የሚቀበል ጆሮ ነው።

ለዛሬው ትምህርት ቤት የሚተርፈው

ከዚያ ወዲህ ተቋሞቹ በዝተዋል። በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፍቶ በኋላ ዩኒቨርስቲ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ተመሥርቶ ምሁራንንና ባለ ሥልጣኖችን በፖሊሲ ጉዳይ ማነጋገር ጀመረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት የመንግሥት የምርምር ተቋሞች ተዋሕደው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። አስተዳደሩም ወደ ሕዝቡ እንዲቀርብ ተብሎ አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በ10 ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ፣ የቀድሞው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ሠፈር ነፋስ ስልክ ላፍቶ በሚል ስም አንደኛው ሆነ። በሳሪስ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳ ወይም በለቡ የሚኖር ባለ ጉዳይ ስለ ቤቱ፣ ስለ ውኃውና ስለ ንግድ ፈቃዱ የሚያቀርበው አቤቱታ መጀመሪያ የሚያርፈው በወረዳው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከወረ ኢሉ ፖሊስ ጣቢያ ይልቅ ይህ ጠረጴዛ ለሚኒስቴር እጅግ ይቀርባል። መቅረቡ ግን በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም።

ያለፈው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር ነው። የአስተዳደር ትምህርት ቤት ሦስት ሥራዎች አሉት፤ መመርመር፣ ማስተማርና ሕዝብን ማገልገል። ሦስቱም በተለያየ ዘመን በኢትዮጵያ ተሞክረዋል፤ በየተራቸውም ፍሬ አፍርተዋል። የተማሪው ማኅበር መጽሔት፣ የመሬት ይዞታው ጥናት፣ የአንድ ዓመቱ አገልግሎት፣ የፕሮፌሰር መስፍን ምርምር፣ የኮሚሽኑ ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም የሠሩትን ሰዎች ያስመሰግናሉ። ለአራተኛው ሥራ ግን በቂ ትኩረት አልተሰጠም፤ ይኸውም ተቀባዩን ማሠልጠን ነው። ክፉ ወሬ ያመጣውን የበታች ሠራተኛ የማይቀጣ፣ ጥናትን ከጸሐፊው ማንነት ለይቶ የሚመዝን፣ የተቀበለውን ቀንና የመለሰበትን ቀን በግልጽ የሚመዘግብ ሹም ከሌለ፣ ከታች የሚሠራው ሁሉ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል።

ስለዚህ በሙያው ላይ ያለ ሰው የአንድን ትምህርት ቤት ወይም የአንድን መሥሪያ ቤት ጥንካሬ ለመመዘን ሲፈልግ፣ ስንት ሰው አስመረቀ፣ ስንት ጥናት አሳተመ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም፣ በዚያ ብቻ ሊያበቃ አይገባውም። በአንድ አጥቢያ የታየ ችግር ሊወስንበት ከሚችለው ሰው እጅ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ደርሶስ መልሱ ስንት ቀን ይፈጃል? ለወረ ኢሉ ሰዎች መልሱ 302 ቀንና የሙታን ስም ዝርዝር ነበር። የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት የቆመው ይህ ቁጥር በየትም ጠረጴዛ ላይ እንዳይደገም ነው።